ሁሃና ያየችው ድንጋይ

ሁሃና ያን ዕለት ድንጋይ ሲወድቅ አይታ ነበር ወይስ አላየችም? ማቴኔ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳገላበጠው አያውቅም። እሱ ራሱ አጠገቧ፣ ትራክተሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑም እሷ ባየችው ገደል ላይ ነበር። ምንም አላየም። ቢሆንም ሰው ዓይኑን ሲጨፍንና ሲገልጥ ስንት ነገር ያመልጠዋል። አባቱ ሬዌቲ «ዋሸች» ይል ነበር። የመንደሩ ሴቶች «ሁሃና አየሁ ካለች አይታለች» ይላሉ። ማቴኔ ከሁለቱም ወገን መሆን አልቻለም።

ሁሃና የአጎቱ የሄናሬ ሚስት ናት። ወደዚህ የኒውዚላንድ የባሕር ዳር መንደር በሙሽርነት የመጣችው ከወንዙ ላይኛው አገር፣ ኮረብታው ከቤት ጣሪያ በላይ ተንጠልጥሎ ከሚቆምበት ሸለቆ ነው። እዚያ ዝናብ ሲበረታ ሰው የሚተኛው ልብሱን ሳያወልቅ ነው። ልጅ ሳለች የጎረቤታቸው የበግ በረት ከነበጎቹ በናዳ ተወስዶ፣ ጠዋት ሲነሡ በበረቱ ቦታ ጭቃ ብቻ እንዳገኙ አንድ ጊዜ ለማቴኔ ነግራዋለች። «ድምፅ አልነበረውም?» ሲላት፣ «ነበረው እንጂ፤ ዝናብ መስሎን ተኛን» አለችው።

የባሕሩ ሰዎች ትምህርት ሌላ ነው። እዚህ ልጅ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር መጀመሪያ የሚነገረው «ለባሕር ጀርባህን አትስጥ» የሚለው ቃል ነው። ባሕር ዘመዶቻቸውን በልቷል፤ በየቤቱ ግድግዳ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች ውስጥ ሬሳቸው ያልተገኘ አሉ። ስለዚህ ከድንጋይ ላይ ዛጎል ሲለቅሙም፣ መረብ ሲጠግኑም፣ ምሳ ሲበሉም ፊታቸው ወደ ውኃው ነው። ጀርባቸው ወዴት እንደሚሆን ግን አስቦት የሚያውቅ አልነበረም። ከመንደሩ እስከ ቴ ኡፖኮ ጫፍ የሚወስደው የእግር መንገድ በገደሉና በባሕሩ መካከል ባለው አሸዋ ላይ ያልፋል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ይከፈታል፣ ሲመለስ ይዘጋል። ገደሉ ግራጫና ቢጫ ተደራርቦ፣ በቢላ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ከሥሩ ጥላ አለ፤ የሚደገፉትም ድንጋይ ሞልቷል። ከአያት እስከ ልጅ ሁሉም እዚያ ጀርባውን አስደግፎ በልቷል።

ሁሃና መደገፍ አልቻለችም። በአሸዋው ላይ ስትሄድ ጥቂት ተራምዳ ቀና ትላለች፤ ደግሞ ጥቂት ተራምዳ ቀና። የባሏ እኅቶች «ይቺ ሴት ውኃ እንደምትጠጣ ዶሮ ነው የምትሄደው» እያሉ ይሥቁባት ነበር። ሽቅብ ስታይ እግሯን ድንጋይ ይመታዋል፤ ጉልበቷ ሳይላጥ ጫፉ ደርሳ አታውቅም። ሄናሬ ምሳውን ይዞ ከገደሉ ሥር ሲቀመጥ፣ እሷ ፊት ለፊቱ፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ፣ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ትቀመጣለች።

«ነይ እንጂ ወዲህ፤ ባሕሩ ይወስድሻል!»

«አንተ ና፤ ገደሉ ይጫንሃል!»

«ገደሉ ሲመጣ አይቼ እነግርሻለሁ።»

«በማጅራትህ ዓይን አለህ?»

አንድ ቀን ማዕበል መጥቶ ከነዳቦዋ አጠመቃት። ሄናሬ እስኪያስለው ሣቀ። እሷም ሣቀች፤ ቦታዋን ግን አልለወጠችም። እንዲህ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እየጠበቀ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሩ።

ሥራዋ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ነበር። ቀበቶ ያላሰረ ልጅ ካለ ሞተሩን አጥፍታ፣ ከቦርሳዋ ክርና መርፌ አውጥታ ሹራብ መሥራት ትጀምራለች። አትቆጣም፣ አትጮኽም። ልጁ ራሱ አፍሮ እስኪያስር ትሠራለች። ማቴኔም በልጅነቱ አንድ ቀን አውቶቡሱን ሙሉ ከትምህርት አስቀርቷል፤ «የአጎቴ ሹራብ አንዱ እጅጌ የተሠራው በእኔ ግትርነት ነው» ይላል።

ሄናሬ በልብ ሕመም ሞተ፤ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ከባሕርም ከገደልም ርቆ። እንደ አባቶቹ የተቀበረው ቴ ኡፖኮ ጫፍ ላይ፣ ነጫጮቹ የባሕር ወፎች ጫጩት ከሚፈለፍሉበት ሜዳ አጠገብ ነው። ያኔ አስከሬኑ የሄደው ከገደሉ አናት ባለው የእርሻ መንገድ በመኪና ነበር። የመቃብሩ ድንጋይም በዚያው መንገድ ተወስዶ ቆመ። በክረምቱ ግን ናዳ መንገዱን ቆርጦ ወደ ባሕር ጣለው፤ ከዚያ በኋላ ወደ መቃብሩ የሚያደርሰው ከገደሉ ሥር ያለው አሸዋ ብቻ ሆነ።

በሕዝባቸው በማኦሪ ልማድ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ዘመድ ይሰበሰብና የመቃብሩ ድንጋይ ይገለጣል። እስከዚያ ተሸፍኖ ይቆያል። ሽፋኑ ሲነሣ ለቅሶው ያበቃል፤ መበለቲቱም ጥቁሯን አውልቃ ወደ ሰው ትቀላቀላለች። በእነሬዌቲ ቤት ደግሞ ሽፋኑን የምታነሣው ሚስት ናት። በሕይወት እያለች ሌላ እጅ አይነካውም።

ጥር ላይ፣ በበጋው ሙቀት፣ ዘመድ ከኦክላንድም ከአውስትራሊያም ገባ። ሰባ ሰው ያህል ሆነ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ስኳር ድንች እየተላጠ ሳለ ሁሃና ተነሥታ ተናገረች። ባሕሩ መሸሽ ሲጀምር እንግባ፤ እርጥቡን አሸዋ ይዘን፣ ተራርቀን እንሂድ፤ ጫፉ ሳንደርስ የትም አንቀመጥ።

«ዘመድ ነው የምትነጂው ወይስ አውቶቡስ?» አለ ሬዌቲ። የሄናሬ ታላቅ ወንድምና የቤተ ዘመዱ ሽማግሌ እሱ ነው። ሰው ሣቀ።

«አውቶቡስ ይሻለኛል። እሱ ፍሬን አለው።»

«ሁሃናዬ፣ እኔ በዚያ አሸዋ ላይ ስድኽ አንቺ ተራራሽ ላይ በግ ትቆጥሪ ነበር።»

«እሱን እኮ ነው የምለው። በጎቹ የት እንደገቡ አውቃለሁ።»

«አያቴ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ገደል ሥር ተቀምጦ በላ። ምን ሆነ?»

«ዕድለኛ ነበር።»

«እንግዲያው እኛም የዕድለኛ ልጆች ነን» አለ ሬዌቲ። አዳራሹ በሣቅ ተሞላ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መሬት ተንቀጠቀጠች። ትንሽ ነበረች፤ ኩባያዎቹን አንኳኳች፣ ውሻ አስጮኸች፣ አለፈች። እዚህ ኒውዚላንድ ለእንዲህ ያለችው ከአልጋው የሚነሣ የለም። ቁርስ ላይ አንዱ «የሬዌቲ ማንኮራፋት ነው» አለ።

በመንገዱ መግቢያ ላይ የመንገዱ ጠባቂ ኮሊን ቢጫ ሰደርያዋን ለብሳ ቆማለች። ከጎኗ ያለው ሰሌዳ ሁሉም አንብቦት የተወው ሰሌዳ ነው፤ ከዝናብና ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አትግቡ፣ ከገደሉ ሥር አትቁሙ፣ ባሕሩ የሚመለስበትን ሰዓት ሳታውቁ አትሂዱ ይላል።

«ሬዌቲ፣ እኔ ብሆን ዛሬን አሳልፈዋለሁ» አለች። «የጠዋቷ ትንሽ ናት፤ ግን ቀድሞ የላላውን ታላላዋለች።»

«ትከለክዪናለሽ?»

«የመቃብራችሁ መንገድ ነው፤ እናንተን መከልከል አልችልም። ምክሬን ነው።»

«ምክርሽን ተቀብለናል። ወንድሜ ደግሞ ቀጠሮ አለው። ለድግሱ በጉድጓድ የሚበስለው ሥጋ ሲወጣ መጥተሽ ብዪ።»

ሁሃና ሁለቱንም ሰማች። ምንም አላለችም። ማቴኔ በኋላ ደጋግሞ ያሰበው ያን ዝምታ ነው። ወይ ያን ሁሉ ሰው ከገደሉ ሥር ማሳለፍ፣ ወይ ባሏን ተሸፍኖ መተውና ከሩቅ የመጣውን ዘመድ ባዶ እጁን መመለስ ነበረባት። ሦስተኛ መንገድ አልነበራትም። ሐዘንተኛ ሴት በራሷ ዙሪያ የምትጠመጥመውን የለቅሶ ቅጠል አስተካከለችና ትራክተሩ ላይ ወጣች።

ትራክተሩን የሚነዳው ማቴኔ ነው። ከኋላው ባለው ተጎታች ላይ መራመድ ያቃታቸው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሁሃና ከጎኑ፣ የጎማው መሸፈኛ ላይ ሆና ሽቅብ ታያለች። ሰዉ በመጀመሪያ እንደ ተባለው በእርጥቡ አሸዋ ተራርቆ ይሄድ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ወሬው አጠጋጋው፤ ሙቀቱ ደግሞ ወደ ጥላው ሳበው። ግማሽ መንገድ ላይ «ጠረጴዛ» ከሚሉት ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲደርሱ፣ ማንም ሳያዝዝ ሁሉም ቆመ። ልጅ ያዘሉ እናቶች ተቀመጡ። የውኃ ጠርሙስ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ሰዉ ሁሉ ከገደሉ ሥር በረድፍ ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ባሕር አድርጎ፣ እግሩን ዘርግቶ ነበር። አንዲት እናት ልጇን «ለባሕር ጀርባህን አትስጥ አላልኩህም?» ብላ ትከሻውን ይዛ አዞረችው።

ነገሩ ለማቴኔ የታየው ያን ጊዜ ነው። ያን ያህል ዓመት በዚያ ቦታ ሲቀመጥ አንድም ቀን አስቦት አያውቅም። ከሁሉም ፊት አንድም ሽቅብ የሚያይ አልነበረም።

«ሞተሩን አጥፋ» አለችው ሁሃና።

«አክስቴ፣ ካጠፋሁት እኮ ላይነሣ ይችላል።»

«አጥፋው አልኩህ።»

አጠፋው። የማዕበሉ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሁሃና አንገቷን አቅንታ ገደሉን አየች። ማቴኔም አየ። ግራጫውን አየ፣ ቢጫውን አየ፣ ከአናቱ የተንጠለጠለ የሣር ሥር አየ። ከዚያ እጇን አነሣች።

«ድንጋይ ወደቀ» አለች። ጮክ ብላ አልነበረም። «ትንሽ ናት። ተነሡ፤ ወደ ውኃው።»

ሰው ዘወር ዘወር አለ።

«የቱ ጋ?» አለ ሬዌቲ ሳይነሣ።

«እዚያ። ከስንጥቁ በታች።»

«እኔ አልሰማሁም።»

«በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ፤ ጆሮህን ማን ጠየቀው? ተነሣ።»

«ማቴኔ፣ አይተሃል?»

ማቴኔ አባቱንና አክስቱን ተራ በተራ አየ። «ወደዚያ እያየሁ ነበር» አለ።

«እሱን አልጠየቅኩህም። ሲወድቅ አይተሃል?»

«አላየሁም፣ አባባ።»

«በቃ!» ሬዌቲ ጀርባውን መልሶ አስደገፈ። «ዶሮዋ ሰማዩን ትይ፤ እኛ ውኃችንን እንጠጣ።»

ሁሃና ከትራክተሩ ወረደች። እርጥቡ አሸዋ ላይ ሄዳ፣ በዚያው በሐዘን ልብሷ ተቀመጠች። ክርና መርፌ አልያዘችም፤ አቀማመጧ ግን የአውቶቡሱ ነበር።

«ከዚህ ወዲያ አልሄድም» አለች። «ሽፋኑን የሚያነሣ እጅ ካላችሁ ሂዱ።»

ከዚህ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረችም። መጀመሪያ የተነሡት ልጅ ያዘሉት እናቶች ናቸው። ቀጥለው ከሩቅ የመጡት፣ በመጨረሻ የመንደሩ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ውኃው ወረዱ። ሬዌቲ ከሁሉ በኋላ ተነሣ። ሱሪውን አራግፎ እፊቷ መጥቶ ቆመ።

«ለወንድሜ ቀን ይሄን አደረግሽ?»

ሁሃና ዓይኗን ከገደሉ አላነሣችም።

«እንዲገለጥ አልፈለግሽም። እሱን በይ፤ እንረዳሻለን። ድንጋይ ወደቀ አትበዪን።»

ማቴኔ ሞተሩን አስነሣና ሁሉም በመጣበት ተመለሰ። በአዳራሹ ሥጋውና ስኳር ድንቹ ከጋለው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቀረበ። የማንኪያ ድምፅ እንጂ ጨዋታ አልነበረም። ንግግር የሚያደርጉት ሽማግሌዎች በአጭር ጨረሱ። «ጠረጴዛ» በሚሉት ድንጋይ ላይ ያን ቀን ምንም አልወደቀም። በማግስቱም አልወደቀም፤ እስከ ዛሬም ቦታው እንዳለ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ለማቴኔ ያቺ ጥያቄ ቀረችው። ሬዌቲ በየደረሰበት «ሴትዮዋ ሐዘኗን መልቀቅ አቅቷት እኛን አሞኘችን» ይላል። ማቴኔ ለአባቱ የሚያሳየው ነገር ፈለገ። ስለዚህ አንድ ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ ብቻውን ወደ ጠረጴዛው ሄደ። አዲስ የተሰበረ ድንጋይ መልኩ ይነጣል፣ ጠርዙም ይቆርጣል። ተጎንብሶ ፈለገ። እንዲህ ያለ አንድ አገኘ፤ ደስ አለው። ቀጥሎ ሌላ አገኘ፣ ደግሞ ሌላ። ከገደሉ ሥር አዲስ ስባሪ ሞልቶ ነበር፤ የቱ የየትኛው ቀን እንደሆነ ግን የሚናገር አልነበረም።

ማቴኔ የመጀመሪያዋን በእጁ ይዞ እንደ ተጎነበሰ ስሙ ሲጠራ ሰማ። ሁሃና ከውኃው ዳር ቆማለች። መኪናውን መግቢያው ላይ ቆሞ አይታ ነው የመጣችው።

«ምን ጠፋብህ?»

«ምንም።»

«ምንም ለመፈለግ ነው እዚያ የተጎነበስከው?»

«ድንጋዩን ነው፣ አክስቴ። አየሁ ያልሺውን።»

«ብታገኘው ምን ልታደርገው?»

«ለአባባ ላሳየው።»

«ባታገኘውስ?»

ማቴኔ ድንጋዩን በእጁ አገላበጠ።

«ና ውጣ! ለእኔ ስትመሰክር እዚያ ከቀረህ፣ የሚሸፈነው ድንጋይ ሁለት ነው የሚሆነው። የዚያን ጊዜ አባትህ ያምነኛል።»

ያዘውን ጣለና ወጣ። በእርጥቡ አሸዋ ላይ ተራርቀው፣ እሷ ፊት እሱ ኋላ፣ ወደ መንደር አመሩ። ብዙ ከሄዱ በኋላ አላስቻለውም።

«አይተሻል ወይስ አላየሽም?»

«ሰዉ ሁሉ በሰላም ወጥቷል» አለች ሳትዞር። «ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ነበር። አልወሰደኝም።»

ሄናሬ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ እንቢ እንዳላት መንደሩ ያውቃል። ወንበር ላይ ታንጎላጃለች፣ ትባንናለች፤ ማቴኔ ማለዳ ለሥራ ሲወጣ የወጥ ቤቷ መብራት በርቶ ነው የሚያገኘው። ከኋላዋ ተራርቆ ተከተላት።

ያን ቀን ምሳ ላይ የሄደበትን ለአባቱ ራሱ ነገረው። ሬዌቲ ሹካውን አስቀመጠ። «ብቻህን?» አለ። «ከሥሩ?» ሌላ አልጠየቀም፤ ምግቡንም አልጨረሰም። በማግስቱ በጭስ ያደረቃቸውን ሁለት ዓሣዎች በጋዜጣ ጠቅልሎ ሁሃና ደጃፍ ቆመ። ማቴኔ አጥሩ ጋ ቀርቶ ሰማቸው።

«ልጄን ከገደል ሥር አወጣሽው አሉ።»

«የገባው አንተን ሊያሳምን ነው።»

ሬዌቲ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዓሣውን ተቀበዪኝ እንጂ፤ ይሸታል።»

«አንተም ትሸታለህ። ግባ።»

አየሽ ወይስ አላየሽም ብሎ አልጠየቃትም። የተነጋገሩት ስለ ቀኑ ነው። መጋቢት ላይ፣ መሬቱ ደርቆ፣ ኮሊንን ጠይቀው፣ እስከ መቃብሩ ድረስ ሮጦ መመለስ የሚችል ስምንት ሰው ብቻ ይሂድ አለች። «ለወንድሜ ስምንት ሰው?» ብሎ ሬዌቲ ተሟገተ። እሷ የስኳር መያዣውን ወደ እሱ ገፋችለት፤ እሱም ሻዩ ላይ ስኳር ጨመረና ተስማማ፤ ስምንት ሆነ።

ቀኑ ደረሰ። ሳምንታት ዝናብ አልነበረም፤ መሬትም አልተንቀሳቀሰችም። ኮሊን ባሕሩ የሚመለስበትን ሰዓት ነግራቸው «ቸር ግቡ» አለች። ሬዌቲ ፊት ሄደ፤ ጥቂት ተራምዶ ሽቅብ ያያል፤ ሁለት ጊዜ ተደናቅፎ አንድ ጊዜ ወደቀ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልሽው?» አለ ጉልበቱን እያሻሸ።

«ዝም ብለህ ሂድ፤ እዚህ አይወራም።»

በጠረጴዛው ሲያልፉ ማንም አልቆመም።

ጫፉ ላይ ነፋሱ ብርቱ ነበር፤ የወፎቹ ሽታ ከሩቅ ይቀበላል። ሬዌቲ ጸሎቱን አደረሰ። ሁሃና ወደ ድንጋዩ ቀረበች። ማቴኔ የሚያየው እጆቿን ነበር፤ መልሱን ከእነሱ የሚያገኘው መስሎት። እጆቿ አልተንቀጠቀጡም፤ አልቸኮሉምም። ድንጋዩን የሸፈነውን የላባ ካባ አንሥታ፣ ጫፉን ከጫፉ ገጥማ አጠፈችና ለሬዌቲ ሰጠችው። የሄናሬ ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ ለእሷ የተተወ ባዶ ቦታ አለ። እጇን በባዶው ቦታ ላይ አሳልፋ «ባሕሩ ይመለሳል፤ እንሂድ» አለች።

መንደር ሲገቡ በአዳራሹ ምግብ ተዘጋጅቶ ነበር። ራሷ ላይ ያለውን ቅጠል አውርዳ ወደ ውኃው ጣለችና፣ ልብሴን ልቀይር ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰው ጠበቃት፤ አልመጣችም። ማቴኔ የእሷን ድርሻ በሳህን ይዞ ሄደ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አልጋው ላይ፣ በሄናሬ በኩል፣ አሸዋ ከያዘው ጫማዋ ጋር ተጋድማለች። ጠራት፤ አልመለሰችለትም። ደንግጦ ጠጋ ብሎ ትንፋሿን አዳመጠ፤ ከባድ እንቅልፍ ወስዷታል። ጫማዋን ቀስ አድርጎ አወለቀላት፤ አልነቃችም። ሳህኑን ክዳን ደፍቶበት መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል ነበር።